ትፈቅዳለች

ዳቬይተን፣ ጆሃንስበርግ
ሚያዝያ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ አማረች፣

ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ የጌታ ጥበቃ ይክበብዎት እያልኩ ሰላምታዬን በናፍቆት አቀርባለሁ። ልጄ ፊቤ እንደምን አለችልኝ? ጉልበትዎስ? የጸሎት ቤቱ ሰዎችስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ትኩሳትና ሳል የለኝም ለማለት ነው፤ ሌላው ደህንነት ለጊዜው ቀርቷል።

አገሩ በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ አንድ ወር አለፈ። የምሠራባት ስፓዛ፣ ያቺ ዳቦና የሞባይል ካርድ የምንሸጥባት የሰፈር ሱቅ፣ ፈቃድ አምጡ ተብላ ታሸገች። ባለሱቁ ለገሠ ክፉ ሰው አይደለም። ደሞዝ ልሰጥሽ አልችልም፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ግን ተኝተሽ መክረም ትችያለሽ ብሎኛል። ደንበኞቻችን በኋላ መስኮት እያንኳኩ «ሲሲ፣ ዳቦ» ይሉኛል፤ ሲሲ እህቴ ማለት ነው። ዳቦ የለም። ወታደሮች በመንገዱ ሲያልፉ ደንበኞቹ ይበተናሉ፣ እኔም መስኮቱን እዘጋለሁ።

በዚህ ወር ለፊቤ የምልከው የለኝም። ባለቤቴ ሽጉጤ እዚሁ አገር ሱቁ ውስጥ ከተገደለ ወዲህ እንኳ አንድም ወር ዘልዬ አላውቅም ነበር፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ልጄን ወደ እኔ አመጣታለሁ ያልኩትንም አልረሳሁም። የሁለት ዓመት ልጅ ሆና ጥያት ከመጣሁ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ብያለሁ፤ እርስዎ ጆሮ ላይ አሁን ምን እንደሚመስል ይገባኛል። ስለዚህ ዛሬ አልደግመውም።

አክባሪዎ
አስካለች


ሆሳዕና
ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካለች፣

እህቴ፣ እናትሽ፣ በሕይወት ብትኖር የምትመርቅሽን ሁሉ እኔ በእሷ ቦታ ሆኜ መረቅሁሽ። እጅሽ ይባረክ፤ የወጣሽበት ይቅናሽ፤ ደጅሽ አይዘጋ። ደጅሽ አይዘጋ ብዬ እንደጻፍኩ ሱቁ ትዝ ብሎኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ጆሮዬ ስልክ መስማት ካቆመ ቆየ። እንደ በፊቱ የጎረቤቴ ልጅ የአለምወርቅ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ ያንቺንም እሷው ታሳየኛለች። ከማንሳቷ በፊት ታነበዋለች። አሁንም ከትከሻዬ በላይ ቆማ እየሳቀች ነው። ይህንንም ጻፊላት ብትለኝ ጻፍኩት።

ፊቤ ደህና ናት። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ እኔን ታስተምራለች፤ ስሳሳት ትቆጣኛለች። ግትርነቷ ያንቺ ነው፣ አትካጂ። የሠርግሽን ፎቶ ከደብተሯ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። በቀደም «እናቴ አሁንም ይህን ቀሚስ ትለብሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፤ ምን ልበላት?

ሴቶቹ በሽታውን ፈርተው ጤና ጣቢያ መሄድ ስለተዉ እኔ ወደ ድሮ ሥራዬ ተመልሻለሁ። በዚህ ወር ሦስት አዋለድኩ። ሁሉም በሰላም ተገላገሉ።

እንግዲህ ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው። ጣሪያው በፊቤ መኝታ በኩል ያፈሳል። ጠየቀችኝ ብለሽ አትዘኚ፤ ባልጠይቅሽ ደግሞ አኩርፋለች ትያለሽ። ስታገኚ ነው፤ ካላገኘሽ እንስራ ሥሩ አስቀምጣለሁ።

አክስትሽ አማረች


ጆሃንስበርግ
ነሐሴ 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተወደዱ አክስቴ፣

የሰላም አምላክ ቤትዎን በሰላም ይሙላልኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጣሪያው የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በየአለምወርቅ ስም ልኬአለሁ።

ከዳቬይተን ወጥቻለሁ። አሁን ያለሁት ወንድም አጵሎስና ባለቤቱ እህት ልድያ ግቢ፣ ከጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። አጵሎስ የእኛው አገር ሰው ነው፤ ለሱቆች ዕቃ የሚያከፋፍል ትልቅ መጋዘን አለው። ከአንድ ጸሎት ቤት ነን። ባገቡ በአሥራ አንድ ዓመታቸው ልጅ የላቸውም። ክፍሏ ሙቅ ውሃ አላት፤ አልጋው ለሁለት ሰው የሚሆን ነው። ልድያ «እህቴ» እያለች ነው የምትጠራኝ።

አንድ ነገር እንዲያደርጉልኝ እለምንዎታለሁ። ፊቤን በሰላም መውለዴን፣ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ያለ ሕመም፣ ልጄም በሕይወትና በጤና መኖሯን የሚገልጽ ማህተም ያለበት ወረቀት እፈልጋለሁ። በእጅዎ ስላዋለዱኝ የሆስፒታል ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ ቀበሌ ሄደው እርስዎ ይመስክሩልኝ፤ የልደት ሰርተፊኬቷንም ያውጡላት። ሁለቱንም የአለምወርቅ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ ዋናውን ደግሞ መንገድ ሲከፈት።

ለምን እንደሆነ አሁን አይጠይቁኝ። ለፊቤ ነው።

አክባሪዎ
አስካለች


ሆሳዕና
ጳጉሜን 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካለች፣

በአሮጌው ዓመት መጨረሻ ይህን ያሰማን ጌታ ስሙ ይባረክ። አንቺም ተባረኪ፣ የአጵሎስም ቤት ይባረክ፤ የከፈቱልሽን በር ጌታ በሰማይ ይክፈትላቸው።

አትጠይቁኝ ብለሻል፣ አልጠየቅሁም። ግን ደደብ አይደለሁም። የልደት ወረቀት ለምን እንደሚፈለግ እዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም፤ ልጁን ወደ ውጭ የወሰደ ሁሉ መጀመሪያ ያወጣው እሱን ነው። ቀበሌ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ጸሐፊው አንቺ ማን ነሽና ነው የምትመሰክሪው ቢለኝ፣ በዚህ እጄ ተቀብያታለሁ አልኩት። ጽፎ አነበበልኝና ፈረምኩ። ፎቶውን ይኸው።

ለፊቤ ነገርኳት። መደበቅ አልቻልኩም፤ ፊቴ ራሱ ይናገር ነበር። እናትሽ ጋ ልትሄጂ ነው ስላት ወጥታ ከጓሮ ጠፋች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ከደስታ መሰለኝ። ደብተሮቿን ለጓደኞቿ አደለች። እዚያ ብርድ ነው ስለሚሉ ከሱፍ ክር ሹራብ አሠራሁላት፤ እንዳይጠባት በጥቂት አስፍቼ። ባለፈው እሑድ ጉባኤው ሁሉ እጁን ዘርግቶ መንገዷን ባርኮላታል።

ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ።

አክስትሽ አማረች


ጆሃንስበርግ
መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተወደዱ አክስቴ፣

ጌታ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ስድስት ወር ሙሉ ያልጻፍኩት ታምሜ አይደለም። ደብዳቤዎን በልብሴ ውስጥ ይዤ ስዞር ከረምኩ፤ ሹራቡ ጋ ስደርስ ማንበብ እያቃተኝ እጥፈዋለሁ። የአለምወርቅ፣ ይህን ቀድመሽ የምታነቢው አንቺ ነሽ። እባክሽን ለአክስቴ ብቻ አሳዪ።

ወረቀቱ ፊቤን ለማምጣት አልነበረም። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ልጁ ግን የእኔ አይደለም። የአጵሎስና የልድያ ዘር ነው። ሐኪሞች ከሰውነት ውጭ አዘጋጅተው በእኔ ማህፀን አስቀመጡት። ልድያ መሸከም አትችልም፤ አራት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ለዚህ ሥራ ደግሞ ከዚህ በፊት በሰላም የወለደች፣ ልጇም በሕይወት ያለች ሴት ናት የምትፈለገው። እርስዎ የመሰከሩት ለዚያ ነው።

እዚህ አገር ማህፀን በገንዘብ ማከራየት ክልክል ነው። የሚፈቀደው በፍቅር ብቻ ነው፣ ያውም ዳኛ ሲያጸድቀው። ስለዚህ ጠበቃው ቢሮ ወሰዱኝና ቀኝ እጄን አንስቼ ማልኩ። ምንም ክፍያ አልቀበልም፣ ለእህቴ ለልድያ ካለኝ ፍቅር ነው አልኩ። አዎን የሆነ ቃልሽ አዎን ይሁን እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ግን ጭንብሌ አፌን ሸፍኖልኝ ማልኩ። በቃል የተነጋገርነው ሌላ ነው። ግማሹን በየወሩ፣ ግማሹን ስወልድ ይሰጡኛል። ሁለቱ ሲደመር ፊቤን በደህና መንገድ ለማምጣትና ትንሽ ሱቅ ለመክፈት ይበቃል። ተስፋዬ ይኸው ነበር፤ አሁንም ነው።

ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። ሥጋ በየቀኑ ይሰጡኛል። ነገር ግን ቫይረሱን ታመጪብናለሽ ተብዬ ከግቢ አልወጣም፤ ታክሲ ክልክል ነው፣ ጸሎት ቤት ክልክል ነው። ጠዋትና ማታ ትኩሳቴን ትለካለች። በግራ ጎንሽ ተኚ ትለኛለች፤ ሌሊት መጥታ እንዳለችኝ መተኛቴን ታያለች። ሆዴን ስትነካ አትጠይቀኝም። የራሷን ልጅ ነው የምትነካው፣ እጇ ግን እኔ ላይ ነው።

ለፊቤ ምን ብለው እንደሚነግሯት አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አስካለች


ሆሳዕና
ሚያዝያ 30 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአስካለች፣

ጌታ ከአንቺ ጋር ይሁን። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በመጀመሪያው ሰድቤሽ ነበር፣ በሁለተኛው አልቅሼ ነበር። ይኼኛው እንዴት እንደሚሆን እንጃ።

የአለምወርቅ አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ ብላት፣ አለ አለችኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት አዋልጃለሁ፤ የሕፃን እናት ማን ናት ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እንዲያው ይሁን። ሐኪሞቹ ከቻሉ ይቻላል። ያቺም ሴት አራት ጊዜ ወርዶባት እንደሆነ ጌታ ያጽናናት፤ እኔም የወረደባቸውን በእጄ ደግፌ አውቃለሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከወለድሽ በኋላ ስላለው ምን ተነጋገራችሁ? ማን ያርስሻል? ቡላውን ማን ያገነፋልሻል፣ ወገብሽን ማን ያስርልሻል፣ አርባ ቀን ሙሉ ዕቃ እንዳታነሺ ማን ይቆጣሻል? ወተትሽ ሲመጣ ለማን ነው የሚመጣው? ይህን ሁሉ ሳትነጋገሩ እስኪወለድ ድረስ ብቻ ተስማምታችሁ ከሆነ፣ ልጄ፣ የሥራውን ግማሽ በነፃ ነው የምትሠሪው። መውለድ እኮ ሕፃኑ ሲወጣ አያልቅም። ሂጂና ይህን ንገሪያቸው። የሚያሳፍር አይደለም፣ ድርሻሽ ነው።

ለፊቤ መንገዱ ተዘጋ አልኳት። ሹራቡን አውጥታ ለካች፤ እጅጌው አጥሯል። ወንድም ወይም እህት አለሽ ልበላት ወይስ የለሽም? ጠይቃኝ አይደለም፣ ለራሴ ግራ ገብቶኝ ነው።

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ አለመጻፍ ግን አልቻልኩም። ያ ገንዘብ ከመጣ፣ የላክሽው ለአንድ በኩል ብቻ ነው የበቃው፤ ጣሪያው አሁን በእኔም በኩል ያፈሳል።

አማረች


ሆሳዕና
መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ሆይ፣

ቀኑን በጣቴ ቆጥሬ ደርሷል ብያለሁ። ሐምሌ ላይ በጆሃንስበርግ ሱቅ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ ሲባል ሰማን፤ ያንቺን የሚነግረን ጠፋ። ጣሪያውን እርሺው። ቅቤ አንጥሬ አስቀምጬልሻለሁ፤ የሚወስድልኝ ሰው ነው ያጣሁት። አንድ ቃል ብቻ ላኪ፣ «አለሁ» በይ።

አማረች


ዳቬይተን
ኅዳር 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

አለሁ። ምርቃቱን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ፤ ዛሬ እንደመጣልኝ ልጻፍ።

መስከረም መጀመሪያ ላይ ወለድኩ። ወንድ ነው። ፊቤን እንደወለድኩ መውለድ እፈልግ ነበር፤ ሐኪሙም አቀማመጡ ጥሩ ነው፣ መጠበቅ እንችላለን ብሎኝ ነበር። ልድያ ግን ሆስፒታሉ በበሽተኛ እየሞላ ነው፣ ቀን ተቆርጦ በቀዶ ጥገና ይውጣ አለች። ተከራከርን። በኋላ እሷ ነገሩን ተወችው፤ እኔ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

በዚያ ቀን ጠያቂ መግባት ክልክል ስለነበር እነሱ መኪናቸው ውስጥ ውጭ ቀሩ። ስልኬ ክፍት ሆኖ ደረቴ ላይ ነበር። ሐኪሙ ወረቀት ይዞ መጣና፣ ዛሬ በቀዶ ጥገና እንድናወጣው ትፈቅጃለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፣ አክስቴ። ከስልኩ ውስጥ ልድያ ቀደመችኝ።

«ትፈቅዳለች» አለች።

ሐኪሙ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ። ጠበቀኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ጠብቆኛል። እኔ ግን ያንን ቃል ስሰማ ደነዘዝኩ። እጄን ማንም አልያዘኝም፤ ራሴ ፈረምኩ። ማታ አንዲት የዙሉ ነርስ ቁስሌን ስታይ፣ እኔ የሰማሁት ካንቺ አፍ አይደለም፣ የሆድሽ ፊርማ እኮ ያንቺ ብቻ ነው አለችኝ። ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ ብዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ቀድሞም አውቀው ነበር።

ልጁ አንዴ ሲያለቅስ ሰማሁት። አላሳዩኝም፤ አሳዩኝም አላልኩ። በሦስተኛው ቀን ወተቴ መጣ። እርስዎ ያሉትን ስላልነገርኳቸው ወተት በስምምነታችን አልነበረም፤ ልድያ ግን በጠርሙስ ላኪልኝ አለች። ለሦስት ሳምንት አለብኩላት። ባልሰጥም ይፈስ ነበር። ከዚያ ክፍሏ ለሞግዚት ተፈለገችና ለገሠ መጥቶ ወሰደኝ። አሁን ሱቁ ተከፍቷል፤ እኔ ግን የለስላሳ ሣጥን ማንሳት ስለማልችል ቁጭ ብዬ መልስ እሰጣለሁ።

ሁለተኛውን ግማሽ አልሰጡኝም። የአጵሎስ መጋዘን በሐምሌው ዝርፊያ ባዶ ቀርቷል፤ ጌታ ሲባርከን እናስብሻለን አለኝ። ሲለኝ እያለቀሰ ነበር። ክሰሻቸው ይሉኛል ሰዎች። በዳኛ ፊት ለፍቅር ነው ብዬ ምዬ በምን ልክሰሳቸው?

አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። በ2003 የሽጉጤ ሽማግሌዎች ሲመጡ እኔ ከጓዳ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «ልጅቷስ ምን ትላለች?» ብለው ጠየቁ። እርስዎ «ትፈቅዳለች» አሉ። ወጉ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጅ ዝም ትላለች፣ አሳዳጊ ይመልሳል። ሽጉጤ ደግ ሰው ነበር፣ በእሱ አልወቅስዎትም። ግን ያን ጊዜም አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልል እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በእጄ ያለው ፊቤን በደላላ በመኪና መንገድ ለማስመጣት ይበቃል፣ ወይም ለእኔ የመመለሻ ትኬት ይበቃል። ለሁለቱ አይበቃም። ስለዚህ ፊቤን ይጠይቁልኝ፤ የመንገዱንም ክፋት ሳይደብቁ ይንገሯት። እርስዎ ግን አይመልሱላት።

አስካለች


ሆሳዕና
ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካለች፣

ይህን ደብዳቤ የአለምወርቅ አላነበበችውም። ጆሃንስበርግ የጅምላ ሱቅ ያለው የስልጤው ነጋዴ ሚስባህ ቤተሰቡን ጠይቆ ሲመለስ በእጁ ይዞልሽ ይመጣል። ከእሱ ጋር ቅቤና ቡላ ልኬልሻለሁ። አርባ ቀኑ አልፏል እንዳትይኝ። ላልታረሰች ሴት አያልፍም።

ትፈቅዳለች ያልኩት እኔ ነኝ። ወግ ነው ብለሽ ልትሸፍኚልኝ ሞከርሽ፤ አትሸፍኚልኝ። ወጉስ ቢሆን ጓዳ ገብቶ ልጅቱን ጠይቆ መመለስን አይከለክልም ነበር። መጋረጃው ሁለት እርምጃ ነበር። ያልገባሁት እንቢ እንዳትይ ፈርቼ ነው። የሽጉጤ አባት ለቤቴ ቆርቆሮ እንደሚያመጣ ነግሮኝ ነበር። አመጣም። ገንዘብ ሳስልክሽ የኖርኩበት፣ ያፈሳል ያፈሳል እያልኩ የምጽፍልሽ ጣሪያ ያ ነው። ቀበሌም ሄጄ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ በሆድሽ ላይ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። በሰላም ወልዳለች ብዬ ፈረምኩ። እውነት ነው፣ በሰላም ወልደሽ ነበር። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ እሱንም ራስሽ አስበሽ የምትመልሺው ነው።

ፊቤን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ሕፃኑን፣ ቀዶ ጥገናውን፣ የደላላውን መንገድ፣ የሞቱትንና የታሰሩትን። አሥር ዓመቷ ነው፤ የማይገባት ጥቂት ነው። ከዚያ ትሄጃለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ ሲረዝም «ትሄዳለች» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ፤ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ያዝኩ። ተነስታ ሲኒዎቹን አጠበች። አደረቀቻቸው። ሹራቡን አውጥታ ለየአለምወርቅ ታናሽ እህት ሰጠችና ተመለሰች።

«አልሄድም» አለች። «መጀመሪያም አልፈለግሁም፤ አልጠየቅሽኝም እንጂ።»

ያን ጊዜ ዓይኗ የቀላው ከደስታ አልነበረም ማለት ነው።

እንግዲያው እናትሽ ትምጣ ብለን እንጻፍላት አልኳት። እንዲህ ብላ ተቆጣችኝ፦ «ትምጣ አትበያት። ትመጫለሽ ወይ ብለሽ ጠይቂያት።»

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፣ አስካለች። ብትመጪ ደጁ ክፍት ነው፤ ባትመጪም ቅቤው ያንቺ ነው።

ትመጫለሽ ወይ?

ከዚህ በታች ምንም አልጽፍም።

አማረች